በሙቀት የሚባክን ኃይል፦ የዲጂታል ራዲዮ ማሰራጫ ታሪክ

በ1930ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በተለመደው የሊኒየር ስልት የሚሠራ ባለ 50 ኪሎዋት የአሜሪካ ራዲዮ ጣቢያ ለመጨረሻው ማጉያው ብቻ ወደ 150 ኪሎዋት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይፈልግ ነበር። አንድ ሦስተኛው በአንቴናው በኩል ወደ አየር ይወጣል። ሁለት ሦስተኛው ቫልቭ በሚባሉት ቱቦዎች ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሙቀቱ ቫልቮቹን እንዳያቃጥላቸው ውኃ በፓምፕ እየተገፋ ዙሪያቸውን ይዞራል። ጣቢያው ለኤሌክትሪክ ሁለት ጊዜ ይከፍል ነበር ማለት ነው፤ አንዴ ሙቀቱን ለመፍጠር፣ አንዴ ሙቀቱን ለማስወገድ።

ከዚያ ጣቢያ አንሥቶ ዛሬ በኪሳችን እስከያዝነው ስልክ ድረስ ያለው የማሰራጫ ታሪክ በአመዛኙ የዚህ የባከነ ኃይል ታሪክ ነው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ዛሬ በዲጂታል ቺፕ ውስጥ የሚሠሩት ዋና ዋና መፍትሔዎች የተገኙት ዲጂታል ቺፕ ከመፈጠሩ በፊት፣ ገና በቫልቭ ዘመን መሆኑ ነው።

የችግሩ ሥር ይህ ነው። ድምፅ ከፍና ዝቅ ይላል። ማጉያው ያንን ሳያዛባ ለመከተል ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት፣ ሙሉ በሙሉም ሳይዘጋ፣ መካከል ላይ ሆኖ መሥራት አለበት። መካከል ላይ ያለ ቫልቭ ደግሞ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ በዚያው ቅጽበት ቮልቴጅ ይሸከማል፤ የሁለቱ ብዜት ሙቀት ይሆናል። አንድ እግሩን ነዳጅ መስጫው ላይ፣ ሌላውን ፍሬን ላይ አድርጎ ዳገት የሚወጣ ሾፌር ነው የሚመስለው። መኪናው ይሄዳል፣ ግን ነዳጁ ያልቃል፣ ፍሬኑም ይግላል። ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ወይም ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ቫልቭ ግን ሙቀቱ ጥቂት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መክፈትና መዝጋት ብቻ በሚያውቅ መሣሪያ ከፍና ዝቅ የሚል ድምፅ እንዴት ይላካል?

የመጀመሪያው ትልቅ መልስ በ1935 ከፈረንሳይ መጣ። ዓመቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲሱ የአቃቂ ጣቢያ ድምፃቸውን ለዓለም ያሰሙበት ነው። ኦንሪ ሺሬክስ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በአሜሪካው የራዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ማጉያ በመጠቀም ፈንታ ሁለት እንጠቀም አለ። ሁለቱም ሁልጊዜ በሙሉ ኃይላቸው፣ ቁመቱ በማይለወጥ ሞገድ ይሠራሉ። የሚለወጠው በሁለቱ ሞገዶች መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት፣ ፌዝ የሚባለው ነው። ሁለቱ እኩል ተነሥተው እኩል ሲወድቁ ይደመሩና ትልቅ ሞገድ ይወጣል። አንዱ ሲነሣ ሌላው ሲወድቅ ደግሞ ይጣፋሉ። በመካከል ባለው የፌዝ ልዩነት የሚፈለገው ቁመት ሁሉ ይገኛል። አርሲኤ ኩባንያ በ1950ዎቹ በዚህ ሐሳብ የተሠሩ ትልልቅ ማሰራጫዎችን አምፕሊፌዝ በሚል ስም ይሸጥ ነበር። ይሁንና ሁለቱን ቫልቮች ለረጅም ጊዜ እኩል አድርጎ ማቆየት አስቸጋሪ ሥራ ነበር፤ አንዱ ትንሽ ካረጀ ወይም ትንሽ ከሞቀ ድምሩ ይበላሻል። የሺሬክስ ሐሳብ ከመሣሪያው ቀድሞ ነበር የተወለደው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1936፣ በቤል ላብራቶሪዎች ይሠራ የነበረ፣ ገና 30 ዓመት ያልሞላው ዊሊያም ዶኸርቲ ሌላ መንገድ አሳየ። በዚህኛው ላይ ጥቂት መቆየት ተገቢ ነው፤ ዛሬ በየከተማው በቆሙት የሞባይል ማማዎች ውስጥ ያለው ማጉያ በአብዛኛው የእሱ ነውና።

ዶኸርቲ ያስተዋለው ቀላል ነገር ነው። ቫልቭ ቆጣቢ የሚሆነው ቮልቴጁ ጣሪያ ሲነካ ነው። ነገር ግን የራዲዮ ሞገድ ጣሪያ የሚነካው ጮክ ያለ ድምፅ በሚመጣባት ቅጽበት ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ሁሉ ቫልቩ ከአቅሙ በታች እየሠራ ይግላል። ስለዚህ ሁለት ቫልቭ አሰለፈ። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይሠራል፤ መካከለኛ ድምፅ ላይ ገና ቮልቴጁ ጣሪያ እንዲነካ ሆኖ ተስተካክሏል። ሁለተኛው ሥራ ሳይጀምር ይጠብቃል። ድምፁ ከመካከለኛው ሲያልፍ ሁለተኛው ይነሣና ያግዛል። እስከዚህ ድረስ ማንም ሊያስበው ይችላል። የዶኸርቲ ጥበብ ያለው ሁለቱን በሚያገናኘው መስመር ላይ ነው። መስመሩ የሞገዱን ርዝመት ሩብ ያህላል። በዚህ መስመር ጠባይ ምክንያት ሁለተኛው ቫልቭ ኤሌክትሪክ መጨመር ሲጀምር የመጀመሪያው ፊት ለፊቱ የሚያየው ሬዚስታንስ ይቀንሳል። ሬዚስታንሱ ሲቀንስ ደግሞ ያው ጣሪያ የነካ ቮልቴጅ ሳይለወጥ ብዙ ኤሌክትሪክ ይወጣል። የመጀመሪያው ቫልቭ ከጣሪያው ሳይወርድ፣ ቆጣቢነቱን ሳያጣ፣ ተጨማሪ ኃይል ይሰጣል። መቆጣጠሪያም ሆነ የሚንቀሳቀስ አካል የለም። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው የተለካ የሽቦ ርዝመት ነው።

ቆጣቢነቱ ከ33 በመቶ ገደማ ተነሥቶ ከ60 በመቶ በላይ ደረሰ። ያ ባለ 50 ኪሎዋት ጣቢያ 150 ኪሎዋት ይፈልግ የነበረው አሁን 80 ኪሎዋት አካባቢ ይበቃው ጀመር። በ1938 ኬንተኪ ግዛት ሉዊቪል ከተማ የሚገኘው ደብልዩኤችኤኤስ ጣቢያ ባለ 50 ኪሎዋቱን የዶኸርቲ ማሰራጫ ሥራ ላይ አዋለ። አምራቹ ዌስተርን ኤሌክትሪክ ነበር።

ሦስተኛው ሐሳብ በ1952 የመጣው የሊዮናርድ ካን ነው። ካን ሞገዱን ለሁለት ከፈለው። የሞገዱን ቁመት ለብቻ፣ ፌዙን ለብቻ። ፌዙ ብቻ የቀረው ሞገድ ቁመቱ ስለማይለዋወጥ በመክፈትና በመዝጋት ብቻ በሚሠራ ቆጣቢ ማጉያ ይጎላል። ቁመቱ ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ለማጉያው የሚሰጠውን ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ በማድረግ ይመለስለታል። ሺሬክስ፣ ዶኸርቲ፣ ካን፤ ከእነዚህ ከሦስቱ ወዲህ የመጣው ብዙው ነገር ከነሱ የተቀዳ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ትራንዚስተር በ1947 ተፈጠረ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ቫልቭን ከተንቀሳቃሽ ራዲዮ አስወጣ። ለትራንዚስተር የሚስማማው የመክፈትና የመዝጋት ስልት ግን ለመሐንዲሶች ሁሉ የደረሰው በ1975 ነው። በዚያ ዓመት ናታን ሶካል የተባለ የማሳቹሴትስ መሐንዲስ ከልጁ ከአለን ሶካል ጋር አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ልጁ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ በኋላ የፊዚክስ ሊቅ ሆኖ በ1996 በአንድ የባህል ጥናት መጽሔት ላይ ባወጣው የማታለያ ጽሑፍ ምክንያት ስሙ በዓለም የተነሣው ያው አለን ሶካል ነው። እኔ ግን ከዚያ ጫጫታ ይልቅ ከአባቱ ጋር የሠራው ሥራ ሊታወስለት ይገባል ባይ ነኝ።

አባትና ልጅ ክላስ ኢ ብለው የሰየሙት ማጉያ አንድ ትራንዚስተር፣ ጥቂት ኮይልና ካፓሲተር ብቻ ያለው ነው። የቀድሞው ችግር ይህ ነበር፦ ትራንዚስተር ሲዘጋ በውስጡ ያለችው ትንሽ ካፓሲተር በኤሌክትሪክ ትሞላለች። ትራንዚስተሩ ሲከፈት ያ የተጠራቀመ ኃይል በውስጡ ይፈስና ሙቀት ይሆናል። ይህ በሴኮንድ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ይደጋገማል። ሶካሎች ኮይሎቹንና ካፓሲተሮቹን እንዲህ አድርገው መጠኗቸው፦ ትራንዚስተሩ ሊከፈት በተዘጋጀባት ቅጽበት ቮልቴጁ ራሱ ተወዛውዞ ዜሮ ላይ ይደርሳል። ባዶ ሲሆን ይከፈታል፤ ስለዚህ የሚባክን ነገር የለም። በወረቀት ላይ ቆጣቢነቱ 100 በመቶ ነው። ያቺ ሁልጊዜ እንደ ጠላት ትታይ የነበረች የትራንዚስተሩ ካፓሲተር የሥራው አካል ሆነች። አንድ ጉድለት ግን ይቀራል፤ ክላስ ኢ ቁመቱ የሚለዋወጥ ሞገድን ለብቻው ማጉላት አይችልም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1974፣ የቤል ላብራቶሪዎቹ ዶናልድ ኮክስ የሺሬክስን ሐሳብ ከአቧራ አንሥቶ ለትራንዚስተር ዘመን እንደሚሆን አድርጎ ጽፎት ነበር። ቁርጥራጮቹ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው፤ የጎደለው የሚገጣጥማቸው ነበር።

እንዲገጣጠሙ ያስገደደው ሞባይል ስልክ ነው። የሞቶሮላ መሐንዲሱ ማርቲን ኩፐር ኤፕሪል 3 ቀን 1973 ኒውዮርክ ጎዳና ላይ ቆሞ የደወለበት በእጅ የሚያዝ ስልክ ገበያ ላይ ለመድረስ አሥር ዓመት ፈጀበት። በ1983 ፈቃድ ያገኘው የሞቶሮላ ስልክ ዋጋው 3,995 ዶላር ነበር፤ ባትሪው የሚያናግረው ለግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ለጣቢያ ባለቤት የባከነ ኃይል የመብራት ሒሳብ ነበር፤ ለስልክ ያዥ ግን የተቋረጠ ወሬ ሆነ።

በ1991 በፊንላንድ ሥራ የጀመረው ጂኤስኤም የተባለው የዲጂታል ሞባይል ስልት የሞገዱ ቁመት እንዳይለዋወጥ ሆኖ ነው የተነደፈው፤ ስለዚህ ቆጣቢ ማጉያ ይበቃው ነበር። ያ ምቾት ብዙ አልቆየም። ሰው ከድምፅ አልፎ ምስልና ኢንተርኔት ሲፈልግ፣ ብዙ መረጃ በጠባብ ቦታ ለማጨቅ ቁመቱም ፌዙም የሚለዋወጥ ሞገድ አስፈለገ። ዋይፋይና የአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ የሚጠቀሙበት ኦፍዲኤም የተባለው ስልት ብዙ ትንንሽ ሞገዶችን ይደምራል፤ አልፎ አልፎ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲነሡ ጫፉ ከአማካዩ 10 እጥፍ ያህል ኃይል ሊኖረው ይችላል። ማጉያው ለዚያች ጫፍ ሲል አቅሙን ይዞ ይጠብቃል። በ1936 ዶኸርቲ ያየው ችግር፣ ከበፊቱ ብሶ፣ ተመልሶ መጣ።

በዚያው ጊዜ ሌላ ፍላጎት ተነሣ። የስልኩ አብዛኛው ክፍል ሲሞስ ከሚባለው ርካሽ የሲሊከን ቺፕ ሲሠራ፣ ማጉያው ግን በአብዛኛው ጋሊየም አርሰናይድ ከሚባል ውድ ውሕድ ለብቻው ይሠራ ነበር። ለምን ሁሉም በአንድ ቺፕ ላይ አይሆንም? መልሱን ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። ሲሞስ ትራንዚስተር እየደቀቀ በሄደ ቁጥር ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይሰብረዋል። 2 ቮልት ብቻ ብንሰጠውና ሞገዱ ወደ ላይም ወደ ታችም 2 ቮልት ቢወዛወዝ፣ 50 ኦም በሆነ አንቴና ላይ የሚወጣው ኃይል 0.04 ዋት ነው። የጂኤስኤም ስልክ ደግሞ እስከ 2 ዋት ይፈልጋል፤ 50 እጥፍ መሆኑ ነው። ያን ለማውጣት አንቴናው ለትራንዚስተሩ 50 ሳይሆን 1 ኦም መስሎ እንዲታየው ማድረግ ያስፈልጋል። 1 ኦም ላይ ሲደረስ ግን የቺፑ ቀጫጭን ሽቦዎች ራሳቸው ያላቸው ሬዚስታንስ ኃይሉን ይበላዋል፤ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው የሲሊከን መሬትም ከላዩ ያለውን ኮይል ያዳክመዋል። በ1999 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 1 ዋት የሚያወጣ የሲሞስ ክላስ ኢ ማጉያ ተሠርቶ ነበር፤ አንዳንድ አካላቱ ግን ከቺፑ ውጭ ነበሩ።

ሁሉንም ቺፑ ላይ ያሰፈሩት በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በካልቴክ፣ የነበሩት ኢቺሮ አኦኪ፣ ስኮት ኪ፣ ዴቪድ ራትሌጅና አሊ ሐጂሚሪ ናቸው። አንድ ትልቅ ማጉያ በመሥራት ፈንታ ብዙ ትንንሽ ማጉያዎችን በክብ ደረደሩ። እያንዳንዱ በ2 ቮልት ብቻ ይሠራል፤ በክቡ ውስጥ ያለው አንድ ቀለበት ግን የሁሉንም ቮልቴጅ በመግነጢስ እየተቀበለ በተከታታይ ይደምረዋል። ቀለበቱ ትራንስፎርመር ነው፤ አጭርና ወፍራም ስለሆነም ብክነቱ ትንሽ ነው። በ2001 ያቀረቡት ቺፕ በ2 ቮልት፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ 2.2 ዋት አወጣ። ይህን ሐሳብ ይዞ አክሲዮም ማይክሮዲቫይስስ የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ፤ የጂኤስኤም ስልክ ማጉያዎችንም በሲሞስ አምርቶ ሸጠ። በ2009 ስካይወርክስ ገዛው።

ማጉያው ቺፑ ውስጥ ገባ። የሚቀረው ማሰራጫውን ራሱን ዲጂታል ማድረግ ነበር፤ ይህ ለውጥ ከሁሉ በላይ የማከብረው ነው። ቦታው ዳላስ፣ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነው። ከፖላንድ የመጣው ሮበርት ቦግዳን ስታሼቭስኪና ባልደረቦቹ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሲሞስ እየደቀቀ ሲሄድ ቮልቴጁ ያንሳል፤ ስለዚህ መረጃን በቮልቴጅ ከፍታ መያዝ እየከበደ ይሄዳል። ትራንዚስተሩ ግን የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ፍጥነት እየጨመረ ነው፤ ስለዚህ ጊዜን በጣም አድቅቆ መለካት ይቻላል። እንግዲያው መረጃውን ከቮልቴጅ አውጥተን በጊዜ ውስጥ እናስቀምጠው አሉ። ራዲዮ የሚሠሩ መሐንዲሶች እድሜ ልካቸውን የሠሩበትን ልማድ የሚገለብጥ አስተሳሰብ ነበር።

ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነው ክፍል በቁጥር የሚታዘዝ ሆነ። ማጉያውም እንዲሁ፤ ጎን ለጎን የተሰለፉ ብዙ ትንንሽ ትራንዚስተሮች ሲሆኑ፣ የሚመጣው ቁጥር ስንቱ ይሥሩ፣ ስንቱ ይረፉ የሚለውን ይወስናል። ቁመት ማለት የሠራተኞች ብዛት ሆነ። እያንዳንዱ ትራንዚስተር የሚያውቀው መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። በ2004 በ130 ናኖሜትር የተሠራው የብሉቱዝ ቺፕ ቀረበ፤ በ2005 ደግሞ በ90 ናኖሜትር የጂኤስኤም ማሰራጫ ተከተለ። ከዚህ ሥራ የተወለዱት ባለ አንድ ቺፕ ንድፎች ርካሽ ስልክ በብዛት እንዲሠራ አግዘዋል፤ እርግጥ የጂኤስኤሙ ትልቅ ማጉያ ያኔም ከቺፑ ውጭ ነበር።

በጥሞና ያየ ሰው ይህ የካን ሐሳብ መሆኑን አይስተውም። ፌዝ ለብቻ፣ ቁመት ለብቻ፤ በ1952 በቫልቭ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በቁጥር።

በ2011 በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ሳንግ-ሚን ዩ፣ ጄፍሪ ዎሊንግ፣ ዴቪድ ኦልስቶትና ባልደረቦቻቸው ከትራንዚስተር ሰልፍ ወደ ካፓሲተር ሰልፍ ተሻገሩ። እኩል የሆኑ ብዙ ካፓሲተሮች አንደኛው ጎናቸው በአንድ ላይ ታስሯል። ሌላኛው ጎናቸው በማብሪያ ማጥፊያ በኩል ወይ በሞገዱ ፍጥነት ከፍና ዝቅ ይላል፣ ወይ መሬት ላይ ታስሮ ይቆያል። ከ100 ካፓሲተሮች 30ው ቢወዛወዙ የሚወጣው ቁመት የሙሉው 30 በመቶ ነው፤ በትክክል። ሲሞስ ውስጥ የአንድ ካፓሲተርን መጠን ቁርጥ አድርጎ መሥራት ያስቸግራል፤ ሁለት ካፓሲተሮችን እኩል ማድረግ ግን ቀላል ነው። ዲዛይኑ የተመሠረተው ፋብሪካው አሳምሮ በሚችለው ነገር ላይ ነው፤ ለእኔ ትልቅ ንድፍ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በ90 ናኖሜትር የተሠራው ቺፕ ጫፍ ላይ አንድ ሦስተኛ ዋት ያህል አወጣ፤ ቆጣቢነቱ 45 በመቶ ነበር። በዋይፋይ ሞገድ፣ ከፍታና ዝቅታው ሁሉ ተደምሮ፣ 27 በመቶ ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2012፣ ኢንቴል ሁለት የአተም ፕሮሰሰሮችንና የዋይፋይ ራዲዮን በአንድ ባለ 32 ናኖሜትር ቺፕ ላይ አድርጎ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አሳየ። የኢንቴል ተመራማሪዎች በዚያው 32 ናኖሜትር የሠሩት ዲጂታል የዋይፋይ ማሰራጫ ሁለት ማጉያዎች ነበሩት፤ ሁለቱም በሙሉ ኃይል ይሠራሉ፣ የሚለያዩት በፌዝ ነው። ሺሬክስ በ1935 የጻፈው ማለት ነው። ያኔ ያስቸገረው ሁለቱን እኩል የማድረግ ሥራ በአንድ ቺፕ ላይ ጎን ለጎን ለታተሙ ሁለት ትራንዚስተሮች እጅግ የቀለለ ነው። የቀረውን ልዩነት ደግሞ ቁጥር ያርመዋል። በ2015 በአትላንታ፣ በጆርጂያ ቴክ፣ ሁዋ ዋንግና ባልደረቦቹ የዶኸርቲን ማጉያ ሙሉ በሙሉ በሲሞስ፣ በዲጂታል ቁጥጥር ሠሩት። ሩብ የሞገድ ርዝመት የነበረው ረጅም መስመር በቺፑ ላይ በትራንስፎርመር ተተክቷል።

እንግዲህ ዛሬ የት ደረስን? በብሉቱዝና አነስተኛ ኃይል በሚፈልጉ መሣሪያዎች ማጉያውም ማሰራጫውም በአንድ ሲሞስ ቺፕ ላይ ሆኗል፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ያለ ሽቦ ሰዓታት የሚሠራው በዚህ ነው። ሩቅ ማማ ድረስ መድረስ ያለበት የስልኩ ማጉያ ግን አሁንም በአብዛኛው ከጋሊየም አርሰናይድ ለብቻው ይሠራል። ማማዎቹ ላይ የዶኸርቲ ማጉያ ከዲጂታል ማረሚያ ጋር ይሠራል። የመብራት መስመር ባልደረሰበት የኢትዮጵያ ገጠር በጄኔሬተር የሚሠራ ማማ ላይ፣ ማጉያው የሚቆጥበው እያንዳንዱ ዋት የናፍጣ ገንዘብ ነው።

ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ለሚማሩ ወጣቶቻችን አንድ ነገር ልበል። የሺሬክስን ሐሳብ ለመረዳት የሁለት ኮሳይን ድምርን ማወቅ ይበቃል፤ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። የሶካሎችን ማጉያ ኤልቲስፓይስ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠርቶ፣ ቮልቴጁ ዜሮ ላይ ሲደርስ በዓይን ማየት ይቻላል። ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ የምትፈልጉ ከእነዚህ ጀምሩ።